የአንጋጫዋ እንሰት ስም

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ባለቤቴ «አንቺ እኮ ከገዛ ጥላሽም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» እያለ ያሾፍብኛል። አልከራከረውም። ጠባይ ከሰው ጋር አብሮ ይፈጠራል ይባላል፤ የእኔው ግን የት እንደጀመረ አሳምሬ አውቃለሁ። ሌሞ ውስጥ፣ ከሆሳዕና በፈረስ ጋሪ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ፣ በእናቴ እንሰት ጓሮ ነው የጀመረው። አራተኛ ክፍል ነበርኩ።

ባለፈው መስከረም ወንድሜ ቤት ሄጄ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጓሮውን የያዘችው የወንድሜ ሚስት አመለወርቅ ናት። ለምሳ አሚቾ፣ የእንሰቱን ሥር፣ ልትቀቅልልኝ አንድ ለጋ እንሰት ለመንቀል ተነሳችና መጀመሪያ ቢላዋዋን እሳት ውስጥ ከተተችው። ብረቱ ሲግል ላዩ ላይ የደረቀው የእንሰት ውሃ ጭስ አወጣ። ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ያረረ ጎመንና የጋለ ሚስማር አንድ ላይ የሚሸቱት ዓይነት ነው።

«ለምንድን ነው የምታቃጥዪው?» አልኳት፣ እያወቅሁ።

«ሳይቃጠል ጓሮ አይገባማ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ድሮም እንዲሁ ነው። የአያቶቻችን ወግ ነው» አለችኝ፤ የከተማ ሰው ምን ያውቃል በሚል ዓይን እያየችኝ።

ሳቄን ዋጥኩት። አያቶቻችን ቢላዋ አቃጥለው አያውቁም። ይህን ወደ መንደራችን ያመጡት ዶክተር አጸደ ናቸው። ያመጡ ጊዜም ሰፈሩ በሙሉ ጠንቋይ ናት ብሏቸዋል። ካሉት መሃል አንዷ እኔ ነበርኩ።

ዶክተር አጸደ የመጡት በጥቅምት፣ በአንድ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ መሆኑን የማስታውሰው አባቴ ቤት ስለነበር ነው፤ ሞርሲቶ ያስተምር ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ነው የሚያድረው። ከልማት ሠራተኛው ከማርቆስ ጋር በእግራቸው መጡ። አጭር ናቸው፤ የወንድ ባርኔጣ አድርገዋል፣ የጎማ ቦት ጫማ ተጫምተዋል፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። እናቴ ባርኔጣውን ከአጥሩ በላይ እንዳየች የጓሮውን በር ቀረቀረች።

የዶክተሯ አባት ከሰሜን መጥተው ሆሳዕና ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው አሉ። ስለዚህ ሴትየዋ የአገሩን ቋንቋ፣ ሀዲይሳን፣ ይሞክራሉ። እናቴ ደግሞ የአንጋጫ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በከምባትኛ ነው። የእሳቸው ሀዲይሳና የእናቴ አማርኛ እኩል እየተሰናከሉ ሰላምታ ተለዋወጡ።

«እመቤት፣ ጓሮዎ ውስጥ ስንት ዓይነት እንሰት አለ?» አሉ ዶክተሯ።

«እንሰት እንሰት ነው። ምን ዓይነት አለው?» አለች እናቴ።

ዓይኗን ጨፍና፣ የቅጠሉን አጥንት በጣቷ ዳብሳ ብቻ፣ ይህ ጊምቦ ነው፣ ይህ ሲስቀላ ነው የምትል ሴት ናት። አሥራ አንድ ዓይነት ነበራት። ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

አባቴ ነው በሩን ያስከፈተው። «እኚህ ሴት የእንሰትን ዘር ከቅጠሉ አንብበው ማን ከማን እንደተወለደ በማወቅ የመጀመሪያዋ ናቸው። ክብር ነው፣ ይግቡ» አለ። እናቴ ግን «ዘር የሚጠይቅ ሰው ለመልካም አይጠይቅም» ብላ በከምባትኛ አጉረመረመች። የአባቴ ንግግር እኔንም አልገባኝም። ቅጠል ይነበባል ከተባለ ፊደል አለው ማለት ነው ብዬ አንድ ቅጠል ወደ ፀሐይ አንስቼ ብዙ አየሁ፤ ምንም አልተጻፈበትም። ያኔውኑ ሴትየዋ ውሸታም መሆናቸው ተረጋገጠልኝ።

ከዚያ ያደረጉት ነገር ጥርጣሬዬን አባሰው። ከቦርሳቸው ትንሽ ጠርሙስ አወጡና በጥጥ ነክረው ቢላዋቸውን ጠረጉ። ሽታው የጤና ጣቢያ ነው፤ መርፌ ሊወጉን ሲሉ ክንዳችን ላይ የሚቀቡት። ክብሪት ጫሩ፤ ሰማያዊ እሳት ስለቱ ላይ ሮጦ ጠፋ። ከአንድ እንሰት ጥፍር የምታህል ቅጠል ቆርጠው ወደ ሌላው ሲሄዱ እንደገና ጠረጉ፣ እንደገና አቃጠሉ። በየእንሰቱ! አሥራ አንድ ክብሪት ቆጠርኩ። ምን ያለው ሰው ነው ከሰላሳ እርምጃ በማይበልጥ ጓሮ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ እሳት የሚለኩስ?

የቆረጡትን ቅጠል ሰማያዊ ጠጠር የሞላባት ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ይከቱና አፏን ይዘጋሉ። እንሰቱ ላይ ደግሞ ቁጥር የተመታበት ቁራጭ ቆርቆሮ በሽቦ ያስራሉ። የእኛ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ዘጠኝ ነበር።

ሲጨርሱ ዓይኔ ከጠጠሩ አለመነቀሉን አዩ። «ትፈልጊያለሽ?» ብለው አምስት ስድስት ፍሬ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። «ይህ እርጥበት ይጠጣል። ቅጠሉ እንዳይበሰብስብኝ ነው» አሉኝ። ልጅ የሚሰማው የሚያስፈራውን ነው። እኔ «ይጠጣል» የሚለውን ይዤ ቀረሁ።

የሚጠጣ ነገር የት ይደበቃል? ሒሳብ ደብተሬ ውስጥ አደረግሁት፤ ደብተሩን ደግሞ ከራስጌዬ ሥር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስከፍተው ሰማያዊው ጠጠር የለም። በቦታው ያለው ቀላ ያለ ነው፤ ደም በውሃ ሲቀጥን እንደሚመስለው።  ተኝቼ ሳለ ጠጥቶኛል። ቀኑን ሙሉ ራሴን አዞረኝ፤ አሁን ሳስበው ግን ቁርስ ስላልበላሁ ነው።

ለእናቴ አሳየኋት። አትስቅብኝም ብዬ ነው፤ እውነትም አልሳቀችም። ጠጠሩን በእንጨት ገልበጥ አድርጋ አየችውና ምድጃ ውስጥ ጣለችው።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ቡላ ልትጠይቅ መጥታ ስለነበር ሁሉንም ሰምታለች። «እኔስ ቁጥሩን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ» አለች። «ቁጥር የተመታበት ነገር የመንግሥት ነው። የመብራት ምሰሶው ላይ ያለው ምንድን ነው? ቁጥር። ምሰሶው የአንቺ ነው? አይደለም።»

የእናቴ ዓይን የሄደው ከቤቱ ጀርባ፣ ቁጥር አሥራ አራት ወደ ታሰረበት እንሰት ነበር።

እሷን «የአንጋጫዋ» ነው የምንላት። እናቴ ስትዳር አያቴ ሦስት ችግኝ ከነአፈሩ ጠቅልላ ሰጥታታለች። ከመስጠቷ በፊት ጓሮ ወስዳ የእንሰቷን ስም በጆሮዋ ነገረቻት። «ስሟን የጠራ ይወስዳታል። ለሴት ልጅሽ ካልሆነ እንዳትነግሪ» ብላታለች። እናቴም ሰው አገር ሌሞ መጥታ፣ አማቶቿ «የከምባታዋ» እያሉ ሲጠሯት፣ እዚያች እንሰት ሥር እየተቀመጠች ነው የለመደችው። እኔ ብቸኛ ሴት ልጇ ነኝ። ስሟ አንድ ቀን በእኔ ጆሮ እንደሚገባ አውቅ ነበር፤ ገናን ከምጠብቀው በላይ ነው ያን ቀን የምጠብቀው።

እትዬ ዘነበች እንደሄደች ካፊያ ጀመረ። ሰው ሁሉ ቤቱ ገባ። እናቴ እጄን ይዛ ወጣች።

«ሽቦውን ፍቺ። ጣትሽ ቀጭን ነው።»

ፈታሁት። ቁጥር አሥራ አራትን ከአንጋጫዋ ላይ አንስተን አንድ ተራ ጊምቦ ላይ አሰርነው፤ የጊምቦውን ቁጥር አሥራ ሰባትን ደግሞ ለአንጋጫዋ።

«ለምን አንጥለውም?» አልኳት።

«ከጣልነው ይጠይቃሉ። ከቀየርነው አመስግነው ይሄዳሉ። የቀረውን ይውሰዱ፤ የእናቴን ግን አይወስዷትም» አለች። ቀጥላም፦ «ይህን ለአባትሽም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትዪ።» ያን ቀን የእናቴ ሰው ሆንኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

በጥር ዶክተር አጸደ ተመልሰው በየቁጥሩ ቅጠል ቆረጡ። እንደገና አቃጠሉ። እናቴ ወተት ሰጠቻቸው፤ ጠጡ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ። በሩ እንደተዘጋ ሁለታችን ተያይተን ሳቅን።

ሳቃችን እስከ ግንቦት ነው የቆየው። እናቴ በስለቱ የታወቀ ቢላዋ ስለነበራት እትዬ ዘነበች እየተዋሰች ትወስደዋለች። በፋሲካ ሰሞን ስትመልሰው ጫፉ ላይ እንደ ማር የደረቀ ቢጫ ነገር ነበረበት፤ በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እናቴ በዚያው ቢላዋ የደረቁ ቅጠሎችን እየቆረጠች ጓሮውን አጸዳች። ብዙም ሳይቆይ የአንዱ እንሰት መሃለኛ ቅጠል ቢጫ ሆነና ወገቡ ታጥፎ ተሰበረ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ጠዋት ጠዋት እናቴ ጓሮ ትገባና ስትወጣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። እንሰት ዛሬ ተክለውት ነገ የሚበሉት አይደለም፤ እዚያ የቆመው የብዙ ዓመት ምግባችን ነው።

ማን እንዳመጣው መንደሩ ለመፍረድ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። ባለ ክብሪቷ ናት። እኔም መስክሬያለሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ የጠጠሩን ነገር ለማን ያልነገርኩት አለ?

በሰኔ ዶክተሯ ከማርቆስ ጋር መጡ። እትዬ ዘነበች ገና በሩቁ እንዳየቻቸው «አንቺ ነሽ ያመጣሽው!» ብላ ከአጥሩ ማዶ ጮኸች። እናቴ አልጮኸችም። በሩ ላይ ቆማ «ዶክተር፣ ቤቴ ሲመጡ ወተት ነው የሰጠሁዎት። ልጆቼ የሚበሉት ይህንኑ ነው። ምን አደረጉብኝ?» አለች።

ዶክተር አጸደ አልተቆጡም። ቢላዋቸውን አቃጥለው የአንዱን የታመመ እንሰት ግንድ ቆረጡና አሳዩን። ከቁስሉ ቢጫ ዝልግልግ ነገር ቀስ ብሎ ወጣ። እኔ በጥፍሬ የፋቅሁት ነው። አወቅሁት።

«አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው። በቢላዋ ነው ከእንሰት ወደ እንሰት የሚሄደው፤ እሳት ካልገደለው በቀር አይሞትም» አሉ። «ቢላዋዎ ሰሞኑን የት ነበር?»

እናቴ ወደ አጥሩ ማዶ አየች። እትዬ ዘነበች አንገቷን ደፋች።

«ጎረቤቴን ልጠርጥር?» አለች እናቴ።

«ጎረቤትዎን አይደለም። ቢላዋውን ይጠርጥሩ።»

ከዚያ ወደ ቁጥር አሥራ አራት ሄዱ። እኛ ወደ አሰርንበት ጊምቦ ማለት ነው። ቆሞ በስብሷል። ዶክተሯ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ለማርቆስ ነው የነገሩት፤ እኔ ግን አጠገባቸው ነበርኩ።

«ይቺን ነበር የምፈልጋት። በጥቅምት የወሰድኩት ቅጠሏ ከሰበሰብኩት ሁሉ የተለየ ነበር፤ እህት የላትም። በጥር የወሰድኩት ግን ተራ ጊምቦ ሆነ፤ የሌሎቹን የጥር ቅጠል ገና አላነበብኩም። አሥራ አራት ራሷን አልመስል አለች። ሰው ይዋሻል፣ ቅጠል አይዋሽም፤ ስለዚህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አንዱን ላስቲክ ከሌላው ቀላቅያለሁ።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «የዚህን ጓሮ ሥራ በሙሉ እሰርዘዋለሁ። ራሴን ካላመንኩ ሌላውንም ማመን የለብኝም።»

ማርቆስ ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ ከሆነ ጓሮው በሙሉ ተነቅሎ ይቀበር። የትኛው እንደሚተርፍ ካላወቅን ምን እንጠብቃለን?»

እናቴ የተናገሩትን ሁሉ ሰምታለች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።  ከቤቱ ጀርባ የአንጋጫዋና ልጆቿ አንድ ቅጠል እንኳ ሳይታጠፍባቸው ቆመዋል፤ እነሱም የተነኩት በዚያው ቢላዋ ነው። ዝም ካልኩ ሁሉም ይነቀላል። ከተናገርኩ እናቴን በአደባባይ ውሸታም አደርጋታለሁ። ሌላም ነገር ነበር፤ አንዲት ትልቅ ሴት የእኛን ጥፋት የራሳቸው አድርገው መሬት ላይ ተቀምጠው ማየት አልቻልኩም። ጠንቋይ እንዲህ አያደርግም።

እጃቸውን ያዝኩና ጎተትኳቸው።  ከቤቱ ጀርባ ወስጄ ቁጥር አሥራ ሰባትን አሳየኋቸው። የቅጠሉን ቀይ አጥንት አዩ፤ እኔን አዩ፤ ሽቦውን አዩ። የእሳቸው አስተሳሰር አልነበረም።

«አንቺ ነሽ ያሰርሽው?»

«ፈትቼ ያሰርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። እናቴን አልጠራሁም። ግን ማን ይታለላል?

እናቴ ከኋላችን ደረሰች። እጇን ስታነሳ በጥፊ ልትለኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት የለችም። ወደ ምድጃዋ ሄዳለች። ቢላዋዋን እስኪቀላ እሳት ውስጥ አቆየችው፤ ያ ሽታ ጓሮውን ሞላው። ከዚያ ራሷ ከአንጋጫዋ ቅጠል ቆርጣ በሁለት እጇ ለዶክተር አጸደ ሰጠቻቸው። ወደ አጥሩም ዞራ «ዘነበች፣ እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቢላዋዬን ሳታቃጥዪ እንዳትመልሺልኝ» አለች። ወጉ የተጀመረው ያን ዕለት ነው።

የታመሙትን ነቅለን ቀበርን፤ የአንጋጫዋና ልጆቿ ቆሙ። በመስከረም ዶክተር አጸደ ውጤታቸውን ይዘው መጡ። «ራሷ ናት» አሉ ገና ከበሩ፣ እንደ ልጅ እየሳቁ። ከዚያ ደብተራቸውን አውጥተው የሁሉንም ስም ጠየቁ። እናቴ አሁን አልደበቀችም፤ ጊምቦ፣ ሲስቀላ እያለች አሥሩንም ተናገረች። የአንጋጫዋን ግን ዘለለቻት።

«ይቺስ?»

«አሥራ አራት ይበሏት።»

ዶክተሯ አልገፉም። ትንሽ ቆይቶ ግን እናቴ ትከሻቸውን ይዛ ጎንበስ አደረገቻቸውና በጆሯቸው አንድ ነገር አለች። አንድ ቃል ናት። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅኳት ቃል፣ ከእኔ አንድ ክንድ እልፍ ብላ፣ በሌላ ሰው ጆሮ ገባች።

«በወረቀት አይሆንም» አለች እናቴ።

«አይሆንም» አሉ ዶክተር አጸደ፤ እስክሪብቷቸውንም ከደኑ።

«እኔስ?» አልኩ።

«አንቺ አፍሽ ወንፊት ነው» አለችኝ እናቴ። እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን ቆሰልኩ። አፌን ባልከፍት አንዲትም እንሰት አይተርፍልሽም ነበር ልላት ፈልጌ ዋጥኩት።

አልነገረችኝም። በሠርጌ ቀን ጓሮ ትወስደኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልወሰደችኝም። ድንገት ታማ ስትሞት ከተማ ነበርኩ። ዶክተር አጸደም ከእሷ በፊት አርፈዋል። እናቴ የአንጋጫዋን ችግኝ መጀመሪያ ለእትዬ ዘነበች፣ ከዚያ ለጠየቀ ሁሉ ሰጥታ ስለነበር ዛሬ እሷ ያልገባችበት የሌሞ ጓሮ ጥቂት ነው። የሚያውቋት ግን «አሥራ አራት» ብለው ነው። ባለፈው መስከረም አመለወርቅ ያበላችኝ አሚቾም የእሷ ነበር። «አሥራ አራት ትጣፍጣለች» አለችኝ፤ ለምን አሥራ አራት እንደተባለች አታውቅም።

አንድ ነገር ግን ሲበላኝ ኖሯል። ሴትየዋ የሰሙትን ሁሉ የሚጽፉ ሰው ነበሩ፤ የዝናቡን ሰዓት፣ የአፈሩን ቀለም፣ የሰጠናቸውን ወተት እንኳ ጽፈዋል። ያቺን ቃል ሳይጽፉ ቀሩ ማለትን አላመንኩም። እንግዲህ ምሳዬን እንደበላሁ ወደ ሆሳዕና ተመለስኩና ደብተሮቻቸው ወደ ተቀመጡበት የግብርና ቢሮ ሄድኩ። ቃል ማፍረሳቸውን ልይዝ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ሌላ ነው። አፍርሰው ቢሆን ነበር የምፈልገው። እናቴ ያልሰጠችኝን ስም ከወረቀት ልሰርቅ ነው የሄድኩት።

ቢሮው ውስጥ የነበረው ወጣት ደብተሩን አውጥቶ ሰጠኝ። ገጾቹ ቢጫ ሆነዋል፤ ጽሕፈቱ ትንንሽና ቀጥ ያለ ነው። በሰንጠረዥ ነው የጻፉት፤ ቁጥር፣ ቦታ፣ ባለ ጓሮ፣ የእንሰቱ ስም። የእናቴን ስም አሥራ አንድ ጊዜ አየሁት። ጣቴን እያወረድኩ መጣሁ፤ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። 

አሥራ አራት። ሌሞ። የእናቴ ስም። የእንሰቱ ስም በሚለው ሥር በዚያው ቀጥ ያለ ጽሕፈት አንድ ቃል አለች፦

«ተነግሮኛል።»

ገጹን ገለበጥኩ፤ የኋላውንም፣ የሽፋኑንም ውስጥ አየሁ። ሌላ ቦታ የለም። ወጣቱ ዓይኔን አይቶ ውሃ ልስጥዎት ወይ አለኝ። አይ፣ አልኩት። ደብተሩን ከድኜ መለስኩለት። እናቴ የምትነግረውን ሰው ታውቅ ነበር።